ሦስት ከአሥር፦ ሌሎች ያጋሩንን ዘፈን ስለ መመዘን

ክቡራትና ክቡራን፣

ንግግሬን በራሴ ስሕተት ብጀምር ይሻላል፤ ዛሬ የማነሣው ነገር ሁሉ የመነጨው ከእርሱ ነውና። አባል የሆንኩበት አነስተኛ የሙዚቃ አድማጮች ስብስብ አለ። በየሳምንቱ እያንዳንዳችን አንድ ዘፈን እናጋራለን፤ የቀሩት ያዳምጡና ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከነጥቡ ሥርም ጥቂት መስመር ይጽፋሉ። አንድ ምሽት ከአባላቱ አንዱ የላከውን ዘፈን በስልኬ ከፍቼ፣ ሌላ ሥራ እየሠራሁ ሰማሁት። ድምፃዊቷ ሁለት ሦስት ቃል እየደጋገመች ታንጎራጉራለች፤ ከኋላዋ ከበሮ ራቅ ራቅ እያለ ይመታል፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለም። «ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ይመስላል፤ ዘፈኑ መቼ ይጀምር ይሆን እያልኩ ስጠብቅ አለቀ» ብዬ ጻፍኩና ሦስት ከአሥር ሰጠሁት። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልደብቅም። በማግሥቱ ዘፈኑን ያጋራው ሰው አንዲት አጭር መልስ ላከልኝ፦ «ባሱን ሰምተኸዋል?»

አልሰማሁትም ነበር። ያን ዕለት ማታ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ደግሜ ስከፍተው፣ ገና ከመግቢያው ጀምሮ ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ በዝግታ ሲመላለስ አገኘሁት። ድምፃዊቷ ዝም ባለች ቁጥር ባሱ ይመልስላታል፤ እርሱ ሲያቆም እርሷ ትቀጥላለች። ባዶ የመሰለኝ ቦታ ሁሉ የእርሱ ተራ ነበር። ስልክ የሚያወራ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የአንዱን ወገን ብቻ የሚሰማ ሰው ንግግሩ የተቆራረጠ እንደሚመስለው ሁሉ፣ እኔም የሁለት ወገን ጨዋታ የነበረውን ዘፈን በግማሹ ሰምቼ በሙሉው ላይ ፈርጄ ነበር።

የሆነው ነገር ምስጢር የለውም። የስልክ ድምፅ ማጉያ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከጥቂት መቶ ኸርዝ (ኸርዝ ድምፅ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው) በታች ያለውን ድምፅ በቅጡ ማውጣት አይችልም፤ የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን የሚርገበገበው በ41 ኸርዝ ገደማ ነው። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጊዜ በስልክም ቢሆን ባስ የሰማን የሚመስለን፣ ወፍራሙ ድምፅ ከራሱ ጋር የሚያሰማቸው ቀጫጭን ድምፆች ስላሉና አእምሯችን ከእነርሱ ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ስለሚሞላልን ነው። የዚያ ዘፈን ባስ ግን በሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ የተሠራ፣ ቀጫጭን ድምፆች የሉትም ለማለት የሚያስደፍር ድምፅ ነበርና አእምሮዬ የሚይዘው ፍንጭ አላገኘም። ምሽት ስለነበረ ድምፁንም ቀንሼ ነበር። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዋይልደን መንሰን በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የድምፅ መጠን ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ለወፍራም ድምፆች ያለው ንቃት ከሌሎቹ ይበልጥ ይደክማል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ሦስት ከአሥሩን ያገኘው ማን ነው? የስልኬ ድምፅ ማጉያ፣ ምሽቱና በከፊል የተሰጠ ጆሮዬ ተካፍለው ወስደውታል፤ ዘፈኑ የደረሰው ከተረፈው ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምለው ይህ ነው፦ ለዘፈን የምንሰጠው ነጥብ የሚለካው አንድን የማዳመጥ አጋጣሚ ነው፤ ዘፈኑ ከዚያ አጋጣሚ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ምንም እንኳ ዋናው ቢሆን። ይህን ያወቀ አድማጭ ነጥብ መስጠቱን አይተውም፤ ነገር ግን ነጥቡ የምን እንደሆነ አጥርቶ ለመናገር ይችላል።

ከመሣሪያው ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። አንድን ቅጂ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን በጥቂቱ ከፍ አድርጋችሁ ብታሰሙት፣ ብዙ ሰው ሁለተኛው «ጮኸ» አይላችሁም፤ «ጥርት ያለ ነው፣ ሞላ ያለ ነው» ይላችኋል። በድምፅ ቀረጻ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ሁለት ቅጂ ሲያወዳድሩ አስቀድመው መጠናቸውን ያስተካክላሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 የድምፅ መጠንን በሰው ጆሮ ስሜት ልክ የሚለካበትን ደረጃ ካወጣ ወዲህ፣ ትልልቆቹ የሙዚቃ ማሰራጫዎች ዘፈኖችን በዚያ እየለኩ ያመጣጥናሉ። ሰው የሚያጋራን ዘፈን ግን አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ የተገኘ ነውና ማመጣጠኑ በእጃችን ላይ ይወድቃል። የድምፁን መቆጣጠሪያ ነካ ማድረግ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ፍትሕ አላውቅም።

ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ የሚያስቸግረን ግን ሌላው ሰው ነው። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ እኔን ከማንኛውም በላይ ያስደነገጠኝ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። 14,341 ተሳታፊዎች ሰብስበው፣ ከማይታወቁ ባንዶች የተወሰዱ 48 ዘፈኖችን አቀረቡላቸው። ተሳታፊው የፈለገውን ዘፈን ያዳምጣል፣ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ከወደደውም ያወርደዋል። አንደኛው ወገን የሌሎችን ምርጫ ሳያይ ይፈርዳል። የቀሩት ስምንት የተለያዩ «ዓለማት» ውስጥ ተከፋፍለው ገቡ፤ በእያንዳንዱ ዓለም ያለ ተሳታፊ የራሱ ዓለም ሰዎች እያንዳንዱን ዘፈን ስንት ጊዜ እንዳወረዱት ያያል። ስምንቱም ዓለማት የተነሡት ከዜሮ ነው፤ ዘፈኖቹም አንድ ናቸው። ዘፈን በራሱ ጥራት ብቻ የሚወጣና የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ስምንቱም ተመሳሳይ ደረጃ ላይ መድረስ ነበረባቸው።

አልደረሱም። የሌሎች ምርጫ በሚታይበት ዓለም የተወደደው ይበልጥ ተወደደ፣ የተረሳው ይበልጥ ተረሳ፤ የትኛው እንደሚወደድም ከዓለም ዓለም ተለያየ። በብቻቸው በፈረዱት ዘንድ ከ48ቱ 26ኛ የነበረ አንድ ዘፈን፣ በአንዱ ዓለም አንደኛ ወጥቶ በሌላው 40ኛ ሆነ። እርግጥ ነው፣ እጅግ ጥሩ የተባሉት ወደ ታች የወረዱት፣ እጅግ ደካማ የተባሉትም ወደ ላይ የወጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ጥራት ዋጋ የለውም የሚል ሰው ከዚህ ሙከራ ማስረጃ አያገኝም። ነገር ግን ሰው ከሚያጋራን ዘፈኖች አብዛኛዎቹ የት ናቸው? መሐል ላይ ናቸው። ለመሐለኞቹ ዕጣቸውን የወሰነላቸው መጀመሪያ የደረሱ ጥቂት ሰዎች ስሜት ነበር።

ይህ በእኔ ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት አምስት ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት አጠገቤ አስቀምጬ ነጥቤን ላስገባ ስል፣ ከእኔ የቀደሙት ሦስት ሰዎች ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ሰጥተው አየሁ። ዘፈኑን እንደገና ከፈትኩት። እንደገና መክፈቴ ሐቀኝነት መሰለኝ፤ አሁን ግን ሳስበው፣ ሦስቱም ሁለት ወይም ሦስት ሰጥተው ቢሆን ኖሮ እንደገና የምከፍተው የሚቀነስ ነገር ፍለጋ ነበር። ሰባት አስገባሁ። ሁለቱን ነጥብ ከየት እንዳመጣኋቸው ብጠየቅ ስለ አዝማቹ አንድ የረባ ነገር እናገር ነበር፤ ሰው ለሰጠው ነጥብ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ስብስባችን አንድ ደንብ አወጣ፦ ሁሉም ሰው ነጥቡንና አስተያየቱን እስኪያስገባ ድረስ የማንም አይታይም። ደንቡ ከመጣ ወዲህ የነጥቦቻችን ስፋት ጨምሯል፤ ክርክሩም ደርቷል።

ዓይንም እንደዚሁ ጆሮን ይቀድማል። ቺያ ጁንግ ጻይ በ2013 ባሳተመችው ጥናት፣ የሙዚቃ ውድድር የመጨረሻ ሦስት ተፎካካሪዎችን አጫጭር ቅጂ አይተው ወይም ሰምተው አሸናፊውን እንዲለዩ ሰዎችን ጠየቀች። አብዛኞቹ ወሳኙ ድምፅ ነው ብለው ነበር፤ የተሻለ የለዩት ግን ድምፅ የሌለውን ምስል ያዩት ናቸው። በሙያቸው ሙዚቀኞች የሆኑትም ከዚህ አላመለጡም። ስለዚህ ክሊፕ ያለው ዘፈን ሲላክልኝ ስክሪኑን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ክሊፑን ያየሁት እንደሆነ ደግሞ ማየቴን እጽፋለሁ። ስንት ሰው እንዳየው የሚገልጸው ቁጥርም ያው ነው፤ የስምንቱ ዓለማት ቆጣሪ ነው።

ዘፈኖቹ የሚሰሙበት ቅደም ተከተልም ነጥብ ይሰጣል፣ ይነሣልም። በቤልጅግ የሚካሄደውን የንግሥት ኤልሳቤጥ የሙዚቃ ውድድር የመረመሩ ሬናቶ ፍሎሬሽና ቪክተር ጂንስበርግ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 እንዳሳዩት፣ የመጨረሻው ዙር ተወዳዳሪዎች የሚጫወቱበት ቀን በዕጣ የሚደለደል ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን የተጫወቱት ከፍተኛ ደረጃ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት የአውሮፓ አገሮች በሚፎካከሩበት በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ዘግይተው የቀረቡት ሻል ያለ ነጥብ ማግኘታቸውን አሳይቷል። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም፤ ዳኛ መጀመሪያ ላይ ነጥቡን ይቆጥባል፣ የኋለኛውንም ይበልጥ ያስታውሳል። አሥር ዘፈን በተከታታይ ለምንሰማ ሰዎች መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ለእያንዳንዱ አድማጭ ማቀያየር ነው።

ወደ ራሱ ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ዲክ ክላርክ ይመራው በነበረው የወጣቶች የሙዚቃ ዝግጅት ላይ፣ ወጣቶች አዲስ ሸክላ ሰምተው ነጥብ የሚሰጡበት ክፍል ነበር፤ መለኪያውም ከ35 እስከ 98 ነበር። ዜሮ የለም፣ መቶም የለም። ሳስበው እስቃለሁ፤ ግን በሥራ ላይ ሁላችንም የምንጠቀመው እንደዚያ ያለ መለኪያ ነው። ከአሥር እንስጥ እንላለን እንጂ፣ ከአምስት በታች መስጠት የሚከብደው ሰው መለኪያው በእርግጥ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ነው። በእኛ ስብስብ ውስጥ አማካይ ነጥቧ ሰባት ተኩል የሆነች አባል አለች፤ አማካዩ አራት የሆነ አባልም አለ። ሁለቱም ለአንድ ዘፈን ሰባት ቢሰጡ ተስማሙ ይባላል? እርሷ ከወትሮዋ በግማሽ ነጥብ ዝቅ ብላለች፤ እርሱ ደግሞ ከወትሮው በሦስት ነጥብ ተነሥቷል፤ ለእርሱ ያ ሰባት የዓመቱ ምስጋና ነው። ከእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሰጪውን የራሱን አማካይ መቀነስ ቀላል ሒሳብ ነው፤ የሚታየው ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

ዩሮቪዥን ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። ከ1975 ጀምሮ እያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ አገር ለመረጣቸው አሥር ዘፈኖች 12፣ 10፣ ከዚያም ከ8 እስከ 1 ይሰጣል። ለሁሉም ሰባት ሰጥቶ ከሁሉም ጋር ታርቆ መሄድ አይቻልም፤ መምረጥ ግድ ነው። ዩቲዩብም በአምስት ኮከብ ጀምሮ፣ ሰዎች የሚሰጡት ባብዛኛው አምስቱንም መሆኑን በ2009 ራሱ ገልጾ፣ በ2010 ወደ አውራ ጣት ምልክት ዞረ። ይህኛው መፍትሔ እኔን አያረካኝም። «ወደድኩ» እና «አልወደድኩም» በሚሉት መካከል ያለው ሜዳ ሁሉ ተጠርጎ ሄዷል፤ ስለ ሙዚቃ የሚነገረው ነገር አብዛኛው ያለው ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

አማካይ ነጥብ ደግሞ የባሰ ይሸፍናል። አሥር ሰዎች ለአንድ ዘፈን እያንዳንዳቸው ስድስት ቢሰጡ አማካዩ ስድስት ነው። ለሌላ ዘፈን አምስቱ አሥር፣ አምስቱ ሁለት ቢሰጡ አማካዩ ያው ስድስት ነው። የመጀመሪያው ማንንም ያላስቀየመ፣ ማንም ነገ የማይፈልገው ዘፈን ነው። ሁለተኛው አምስት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይዘውት የሚዞሩት ዘፈን ሲሆን፣ የቀሩት አምስት ግን አጥፉልን ብለዋል። በየወሩ መጨረሻ ደረጃ ስናወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። አሁን ከአማካዩ አጠገብ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ እንጽፋለን፤ እኔ በግሌ ልዩነቱ የሰፋውን አስቀድሜ እሰማለሁ።

ከነጥቡ ሥር የሚጻፈው ቃል ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ባብዛኛው የምንሰንፈውም እዚያው ላይ ነው። «አሪፍ ነው»፣ «አልተመቸኝም»፣ «የኔ ዓይነት አይደለም» የሚሉት ውሸት አይደሉም፤ ዘፈኑ ሳይሰማም ሊጻፉ ይችላሉ፤ ጉዳያቸው እዚያ ላይ ነው። ዘፈን በጊዜ ውስጥ የሚሄድ ነገር ስለሆነ አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ደቂቃና ሰከንድ ነው። «በ1፡12 ላይ ከበሮው አንድ ምት ዘልሎ ሲገባ ቀና አልኩ፤ አዝማቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ግን ምንም ሳይጨመርበት በመመለሱ ሐሳቤ ሄደ» ብሎ የጻፈ ሰው አራት ቢሰጥ እንኳ፣ ዘፈኑን ላጋራው ሰው አንድ ነገር ሰጥቶታል፤ ያጋራው ሰው 1፡12ን ከፍቶ ይሰማል፤ ምናልባትም እስከዚያ ቀን ያላስተዋለው ነገር ያገኝበታል። ግጥሙ በማላውቀው ቋንቋ ከሆነ ደግሞ አለማወቄን ጽፌ ስለ ድምፁና ስለ ዜማው ብቻ እናገራለሁ። ያልገባኝን ግጥም «ጥልቅ» ያልኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ አንዱ በኋላ ሲተረጎምልኝ የመኪና ማስታወቂያ ሆኖ ተገኝቷል።

ቃሉ ለማን እንደሚጻፍ መዘንጋት የለበትም። ከ1959 እስከ 1967 በቢቢሲ ይተላለፍ የነበረ አንድ ዝግጅት ነበር፤ አራት ዳኞች አዲስ ሸክላ ሰምተው ይወደዳል ወይም አይወደድም ብለው ይፈርዳሉ፤ ከተወደደ ደወል ይደወላል፣ ካልተወደደ ጡሩምባ ይነፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘፋኙ ራሱ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ የሚባለውን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ፣ ፍርዱ ካለቀ በኋላ ወጥቶ ዳኞቹን ይጨብጣል። ዳኞቹ ፊታቸውን ምን እንደሚያደርጉት አስቡት። ዘፈን ስንመዝን ዘፋኙ ከመጋረጃው ጀርባ የለም፤ ያጋራው ሰው ግን አለ። እርሱ ዘፈኑን አልሠራውም፤ ነገር ግን ከሺህ ዘፈኖች መርጦ «ይህን ስሙልኝ» ብሏል። የሥራው ባለቤት አይደለምና የሥራውን ጉድለት ስንናገር ሊከፋው አይገባም ይባላል፤ ይከፋዋል። እኔም ይከፋኛል። ሰው በአሥራዎቹ ዕድሜ የሰማውን ዘፈን ሲያጋራ፣ ዘፈኑን ያቀፈውን ዘመን አብሮ ያጋራል፤ ሰሚው የሚሰማው ግን የሦስት ደቂቃ ቅጂ ነው። ከዚህ የተነሣ ነጥቤን አላሳምርም፤ ዝቅተኛ ነጥብ ስሰጥ ግን ቀልዱን እተዋለሁ። ቀልድ የሚጻፈው ለተመልካች ነው፤ ያጋራው ሰው ደግሞ የቀልዱ ማሟያ ይሆናል። «ዘፈኑ መቼ ይጀምር ይሆን» ያልኩት እኔ፣ ሰባት ሰዎች ስቀውልኝ ነበር።

በቪዲዮ ካሜራ ፊት ዘፈን እየሰሙ ስሜታቸውን የሚያሳዩ ሰዎችም በዝተዋል። የአንዳንዶቹን መደነቅ እወደዋለሁ፤ ቢሆንም በየሃያ ሰከንዱ ዘፈኑን እያስቆሙ መናገራቸውን አልወደውም። ቫለሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ በ2011 እንዳሳተሙት፣ ሙዚቃ ሰውነትን ሲነዝር ዶፓሚን የተባለው ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል የሚለቀቀው የዘፈኑ ከፍተኛ ስሜት በደረሰበት ቅጽበት ብቻ ሳይሆን፣ ቅጽበቱ በሚጠበቅበትም ጊዜ፣ በሌላ የአንጎል ክፍል ነው። መጠበቁ የደስታው አካል ከሆነ፣ ማስቆም ማለት ከዘፈኑ ላይ መቁረጥ ነው። ማስታወሻ መያዝ ካስፈለገ በሁለተኛው ማዳመጥ ይያዝ። ሁለተኛ ማዳመጥ ያስፈልጋልና፦ ሮበርት ዛዮንስ ከ1968 ጀምሮ ደጋግሞ እንዳሳየው፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ማግኘት ብቻውን ለዚያ ነገር ያለንን መውደድ ይጨምራል። ያጋራው ሰው ዘፈኑን ምናልባት መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ እኛ አንድ ጊዜ። ሲበዛ መሰልቸት እንደሚመጣ ሁላችንም ብናውቅም፣ ከአንድ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ሩቅ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ፣ በተቻለ መጠን በተለያየ ቀን እሰማለሁ፤ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ነጥብም ሁለቱንም እጽፋለሁ። ከሦስት ወደ ስምንት የወጣ ዘፈንና ከስምንት ወደ ሦስት የወረደ ዘፈን የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው፤ አንዱን ነጥብ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም።

ያን የባሱን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሦስት ጊዜ ከሰማሁት በኋላ ላጋራው ሰው ይቅርታ ጠይቄ አዲስ ነጥብ ላክሁ። አሥር አልሰጠሁም። ከመሐሉ በኋላ ሁለቱ ድምፆች የሚባባሉት ነገር ያለቀባቸው መሰለኝ፤ በ2፡05 ላይ ባሱ ያቺኑ ሐረግ ለአራተኛ ጊዜ ሲመልስ ድምፃዊቷም እንደ ሰለቸች ጻፍኩና ስድስት ሰጠሁ። መልሱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፦ «ስድስቷን ተቀብያለሁ። አራተኛው ላይ ግን ሐረጉ ያው አይደለም፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ወርዳለች። እንደገና ስማው።» ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ በመንገድ ላይ ሰምቼዋለሁ። ወርዳለች።